ስምምነቱ ያስገድዳል፤ ግን ማንን? የአንድ የቴክሳስ የሞት ፍርድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

አንድ አገር ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በዚያው አገር ችሎት ውስጥ ምን ያህል ጉልበት አለው? የሕግ ትምህርት ቤት መልሱን ለሁለት ጎራ ከፍሎ ያስተምራል። ስምምነት ከጸደቀ ዳኛ በቀጥታ ሊሠራበት ይገባል የሚሉት ሞኒስቶች ናቸው፤ ሕግ አውጪው በአገር ውስጥ ሕግ ካልደነገገው በቀር ዳኛን አይመለከትም የሚሉት ደግሞ ዱዋሊስቶች። ኔዘርላንድስን ከመጀመሪያው፣ እንግሊዝን ከሁለተኛው ጎራ መመደብ የተለመደ ነው። ክፍፍሉ ለፈተና ይበጃል፤ ደንበኛው እስር ቤት ያለበትን ጠበቃ ግን ብዙ አያራምደውም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ስምምነቶችን የአገሪቱ የበላይ ሕግ ይላቸዋል፤ የየግዛቱ ዳኞችም በዚሁ እንደሚገደዱ በግልጽ ይናገራል። ከወረቀቱ ብንነሣ ከዚህ የተሻለ ለዓለም አቀፍ ሕግ የተከፈተ በር ማግኘት ያስቸግራል። ያም ሆኖ አገሪቱ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት የተረታችበት ፍርድ፣ የራሷ ፕሬዚዳንት ይፈጸም ብሎ ጽፎበት፣ የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ግዴታ መሆኑን አምኖ፣ ሳይፈጸም ቀረ። ጉዳዩን ለማስቀመጥ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ጉዳዩ የሚታወቀው በአንድ እስረኛ ስም ስለሆነ እዚህ "የሜክሲኮ ክስ" እለዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዳዩ ጀርባ

መነሻው የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ኮንቬንሽን ነው። አንቀጽ 36 የውጭ አገር ዜጋ ሲታሰር ባለሥልጣናቱ ቆንስላውን የማግኘት መብት እንዳለው ሳይዘገዩ እንዲነግሩት፣ ከፈለገም ለቆንስላው እንዲያሳውቁለት ያዛል። አሜሪካ ይህንን በ1969 አጽድቃለች። ከኮንቬንሽኑ ጋር አንድ አማራጭ ፕሮቶኮል አለ፤ በአተረጓጎሙ ወይም በአፈጻጸሙ ላይ ክርክር ሲነሣ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ አስቀድሞ ፈቃድ የሚሰጥ ሰነድ ነው። አሜሪካ ይህንንም ተቀብላ ነበር። እንዲያውም በ1979 የቴህራን ኤምባሲዋ ሠራተኞች ሲታገቱ ኢራንን ለመክሰስ ከተጠቀመችባቸው ሰነዶች አንዱ ይኸው ፕሮቶኮል ነው።

በሰኔ 1993 ሂውስተን ከተማ ውስጥ የ14ና የ16 ዓመት ልጃገረዶች በአንድ የወሮበላ ቡድን ተደፍረው ተገደሉ። ከተያዙት አንዱ ሜክሲኮ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ወጣት ነበር። የእስሩ ሰዓት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሰኔ 29፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ስናነበው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተያዘ። ከንጋቱ 11፡54 እስከ ጠዋቱ 1፡23 ባለው ጊዜ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቱ ተነግሮት፣ መብቱን መተዉን በፊርማው አረጋግጦ፣ ዝርዝር የእምነት ቃል በጽሑፍ ሰጠ። በአገር ውስጥ ሕግ የሚጠበቀው ማስጠንቀቂያ ተሟልቷል ማለት ነው። ቆንስላ የሚለው ቃል ግን አልተነሣም።

ወንጀሉ ዘግናኝ ነው። አዛኝ ልብ ለተከሳሹ ቦታ የሚያጣበት ጉዳይ መሆኑን አንባቢ ከመጀመሪያው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ የመጣውን ሁሉ የሕግ ክርክር ብቻ አድርጎ መመልከት የፖለቲካውን ክብደት ያስረሳል። ሰውየው ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኙም በ1997 ውድቅ ሆነ።

ችግሩ

የቆንስላው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ከይግባኙ በኋላ፣ ፍርዱን ለማስከለስ በቀረበ አቤቱታ ላይ ነው። የቴክሳስ ፍርድ ቤት ሁለት መልስ ሰጠ። አንደኛ፣ ይህ መቃወሚያ በዋናው ክርክር ወይም በይግባኝ መነሣት ነበረበት፤ በጊዜው ስላልተነሣ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ቢነሣም ኖሮ በፍርዱ ላይ ያመጣው ጉዳት አልታየም።

የመጀመሪያው መልስ ትንሽ መቆየት ይፈልጋል። በወቅቱ ያልተነሣ መቃወሚያ ይታለፋል የሚለው ደንብ በየትኛውም አገር ሥነ ሥርዓት ውስጥ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ያለ ነው፤ ክርክር ማብቂያ እንዲኖረው ያስፈልጋል። አንቀጽ 36 የሚሰጠው መብት ግን ራሱ የመነገር መብት ነው። ያልተነገረው ሰው መብቱን አያውቅም፤ ስለማያውቅም አያነሣም፤ ስላላነሣም ይታለፋል። መንግሥት ግዴታውን ባልተወጣ መጠን መብቱ ይበልጥ የማይነሣ ይሆናል።

ይህ ችግር ለሄግ እንግዳ አልነበረም። በ1998 ፓራጓይ ቨርጂኒያ ውስጥ ስለታሰረ ዜጋዋ ከሳ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ እንዲቆይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ቢሰጥም ሰውየው ተገደለ። በ1999 ጀርመን ስለ ሁለት ወንድማማቾች ከሰሰች፤ እነሱም አሪዞና ውስጥ ተገደሉ። የጀርመን ክስ ግን ቀጥሎ በ2001 ፍርድ አገኘ። ፍርዱ አንቀጽ 36 ለግለሰቡም መብት እንደሚሰጥ፣ የፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝም አስገዳጅ እንደሆነ አስታወቀ። ሜክሲኮ የመጣችው ይህንን ይዛ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሜክሲኮ በጥር 2003 ሄግ ላይ ክስ መሠረተች። ፍርዱ መጋቢት 31 ቀን 2004 ተሰጠ፤ በ51 የሜክሲኮ ዜጎች ጉዳይ የማሳወቅ ግዴታ ተጥሷል ተባለ፤ የቴክሳሱ ሰው አንዱ ነበር። ሜክሲኮ ፍርዶቹ እንዲሰረዙ ጠይቃ ነበር፤ ያንን አላገኘችም። ያገኘችው፣ አሜሪካ ራሷ በመረጠችው መንገድ የእያንዳንዱን ሰው ፍርድና ቅጣት ከጥሰቱ አንጻር መልሳ እንድትመረምር የሚያዝ ፍርድ ነው። ምርመራው የይስሙላ እንዳይሆን፣ በወቅቱ የነበረው የምሕረት አሰጣጥ ሥርዓት ብቻውን እንደማይበቃም ተነገረ።

የጥያቄው ልክ መጠነኛ ነበር። ማንም ይፈታ አልተባለም። አንድ ዳኛ መዝገቡን ከፍቶ፣ ቆንስላው ቢያውቅ ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። በቴክሳሱ ሰው ጉዳይ መልሱ "አይለወጥም" የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የእምነት ቃሉን የሰጠው በተያዘ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ነው፤ ቆንስላ በዚያ ፍጥነት ይደርስ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ለእኔ ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ይኸው ነው። ግዴታውን መፈጸም የሚያስከፍለው አንድ ችሎት ነበር።

ቀጣዩ እርምጃ ከዋሽንግተን መጣ። የካቲት 28 ቀን 2005 ፕሬዚዳንቱ ለፍትሕ ሚኒስትሩ በጻፈው ማስታወሻ፣ የየግዛቱ ፍርድ ቤቶች ለሄጉ ፍርድ ውጤት በመስጠት አገሪቱ ግዴታዋን እንደምትወጣ ገለጸ። ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 7፣ ይኸው መንግሥት አገሪቱን ከአማራጭ ፕሮቶኮሉ አስወጣ። በአንድ እጅ ያለፈውን ፍርድ አከበረ፣ በሌላው ለወደፊቱ በሩን ዘጋ። ሁለቱን ውሳኔዎች አንድ ላይ ሳያነቡ የዚያን ጊዜውን አቋም መረዳት አይቻልም።

ማስታወሻውን ተይዞ ጉዳዩ ወደ ቴክሳስ ፍርድ ቤት ተመለሰ። የግዛቲቱ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሄጉ ፍርድም ሆነ የፕሬዚዳንቱ ማስታወሻ የግዛቲቱን የሥነ ሥርዓት ደንብ አይሽርም ብሎ አቤቱታውን መለሰው። ክርክሩ በዚህ ሁኔታ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ውሳኔው መጋቢት 25 ቀን 2008፣ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ተሰጠ።

ውሳኔው የሚነበበው እንዲህ ነው። የሄጉ ፍርድ በአሜሪካ ላይ ዓለም አቀፍ ግዴታ እንደሚጥል የካደ የለም። ጥያቄው ይህ ግዴታ ያለ ሌላ ሕግ በቀጥታ የቴክሳስን ዳኛ ያዝዛል ወይ ነው። የአብላጫው መልስ አያዝዝም ነው። አማራጭ ፕሮቶኮሉ ለመዳኘት ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ፍርዱ በአገር ውስጥ ስለሚኖረው ውጤት አይናገርም። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 94 አባል አገር ፍርዱን ለመፈጸም ቃል እንደሚገባ ይደነግጋል፤ አብላጫው ይህንን ፖለቲከኞቹ ወደፊት እርምጃ ለመውሰድ የገቡት ቃል አድርጎ ተረጎመው። እምቢ ላለ አገር ቻርተሩ ያስቀመጠው መፍትሔም የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ አሜሪካ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አላት። በራሱ የማይፈጸምን፣ ማለትም ያለ ተጨማሪ ሕግ ዳኛን የማያስገድድን፣ ስምምነት ወደ አገር ውስጥ ሕግ መለወጥ የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በማስታወሻ ሊያደርገው አይችልም። በሐሳብ የተለዩት ሦስቱ ዳኞች በበኩላቸው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ዳኛን በቀጥታ የሚያናግር ነው፣ እያንዳንዱ ስምምነት በራሴ ተፈጻሚ ነኝ ብሎ እንዲጽፍ መጠበቅ አግባብ አይደለም አሉ።

ከአብላጫው ጋር በውጤቱ ብቻ የተስማማው ስድስተኛው ዳኛ የጻፈው አጭር ሐሳብ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባዋል ባይ ነኝ። ሕጉ ቴክሳስን አያስገድዳትም፤ ግን አገሪቱን ወደዚህ ጣጣ ያስገባችው ማሳወቅ ሲገባት ያላሳወቀችው ቴክሳስ ናት፤ የሚጠበቅባትም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በራሷ ፈቃድ ትፈጽመው የሚል ነው። ቴክሳስ አልፈጸመችም።

ሜክሲኮ በሰኔ 2008 ወደ ሄግ ተመለሰች። ሐምሌ 16 ቀን ፍርድ ቤቱ ይኸው ሰው ከሌሎች አራት ጋር ጉዳያቸው ሳይመረመር እንዳይገደሉ አዘዘ። ነሐሴ 5 ቀን 2008 ቅጣቱ ተፈጸመበት። በጥር 2009 ሄግ አሜሪካ ትእዛዙን መጣሷን አስታወቀ፤ ሰውየው ከሞተ አምስት ወር አልፎታል።

ምን ሠራ

ከሄጉ ፍርድ በኋላ በስድስት ሳምንት ገደማ ኦክላሆማ ላይ የሆነው ከቴክሳስ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት። ከ51ዱ አንዱ የነበረ እስረኛ በግንቦት 2004 እንዲገደል ቀን ተቆርጦለት ነበር። የግዛቲቱ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግንቦት 13 ቀን ቅጣቱን አግዶ፣ የቆንስላው መብት መጣስ ጉዳት አድርሶ እንደሆነ ማስረጃ ይሰማ አለ። የዚያኑ ዕለት የግዛቲቱ ገዥ የሞት ቅጣቱን ያለ አመክሮ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ የጠቀሰውም የሄጉን ፍርድ ነው።

ስምምነቱ አንድ፣ ፍርዱ አንድ፣ ሕገ መንግሥቱም አንድ ነው። በኦክላሆማ የሠራው ግን ዓለም አቀፉ ሕግ በቀጥታ ስለገባ አይደለም፤ በግዛቲቱ ሕግ አስቀድሞ ሥልጣን ያላቸው ሁለት አካላት፣ ፍርድ ቤቱና ገዥው፣ ያንን ሥልጣን ለዚህ ግዴታ ስላዋሉት ነው። በ2012 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከ51ዱ ለአንዱ ማስረጃ እንዲሰማ አዟል።

ሌላው የሠራው ነገር ዝም ያለ ሥራ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ፖሊስ የውጭ ዜጋ ሲይዝ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጅቶ ማከፋፈል ቀጠለ። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ ተሻሽሎ፣ ተከሳሹ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው የቆንስላውን መብት እንዲናገር አዘዘ። እንዲህ ያለው ማሻሻያ ዜና አይሆንም፤ ግን ግዴታውን ከቪየና አውጥቶ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው።

ምን አልሠራም

ኮንግረሱ አልሠራም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኳሷን ለሕግ አውጪው ሲያቀብል መፍትሔው አጭር ሕግ ነበር፦ የ51ዱን ሰዎች አቤቱታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች እንዲያዩ የሚፈቅድ አንድ ድንጋጌ። በ2008 የተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2011 ደግሞ ሴኔቱ ረቂቅ ቀርቦላቸው ነበር፤ ሁለቱም ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ። የ2011ዱን ረቂቅ ተስፋ አድርጎ የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ የሌላ ሜክሲኳዊ ቅጣት እንዲቆይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ገና ሕግ ባልሆነ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ እግድ አይሰጥም ብሎ 5 ለ4 ውድቅ አደረገው፤ ሰውየው ሐምሌ 7 ቀን ተገደለ።

ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስማቸው በአሰቃቂ ወንጀል ለተነሣ እስረኞች፣ ያውም በባዕድ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት፣ ድምፁን ለመስጠት የሚደፍር ተመራጭ ጥቂት ነው። አስፈጻሚው ሥልጣኑ የሕግ አውጪው ነው ተባለ፤ ሕግ አውጪው ዝም አለ፤ ግዛቲቱ እኔን አያስገድደኝም አለች፤ ዳኛው እጄ የታሰረ ነው አለ። ሁሉም በየራሱ መዝገብ ትክክል ሊሆን ይችላል። አገሪቱ እንደ አገር ግን ግዴታዋን አፍርሳለች።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

የመጀመሪያው፣ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ መያዝ ነው። አገሪቱ ትገደዳለች ወይ? በአገሪቱ ውስጥ ይህንን የሚፈጽመው ማነው? አንደኛው በዓለም አቀፍ ሕግ፣ ሁለተኛው በአገር ውስጥ ሕግ ይመለሳል። ጠበቆች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን በሚገባ አስረድተው ሁለተኛውን ለዳኛው ይተዉታል። የቴክሳሱ ጉዳይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ረትቶ በሁለተኛው የወደቀ ነው።

በውጭ በኩል ደግሞ የውስጥ ሕግ ሰበብ አይሆንም። በ1969ኙ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 27 መሠረት አንድ አገር ስምምነትን ላለመፈጸሟ የውስጥ ሕጓን ምክንያት ልታደርግ አትችልም። አሜሪካ ያንን ኮንቬንሽን አላጸደቀችም፤ ደንቡ ግን በልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግነቱም የታወቀ ነው። ፌዴራላዊ አገሮች ይህንን ሲያነቡ ቆም ማለት አለባቸው፤ የሚፈርመው ማዕከሉ ነው፣ የሚያስረው ግን የየግዛቱ ፖሊስ ነው።

ሕገ መንግሥት ውስጥ ያለ ጠንካራ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አያስተማምንም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9(4) ያጸደቅናቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል ናቸው ይላል፤ ከአሜሪካው አንቀጽ 6 ጋር የሚቀራረብ ቃል ነው። ያም ሆኖ የስምምነቱ ሙሉ ቃል በነጋሪት ጋዜጣ ካልወጣ ዳኛ ሊሠራበት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በአገራችን የሕግ ባለሙያዎች መካከል ለዓመታት ቆይቷል፤ ብዙዎቹ የማጽደቂያ አዋጆች መጽደቁን ብቻ የሚያስታውቁ አጫጭር ናቸውና። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2007 በአንድ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3ን ሲጠቅስ ብቻውን አላቆመውም፤ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) ጋር አጣምሮ ነው የልጁን ጥቅም ያስቀደመው። ለጠበቃ ይህ አካሄድ መልካም አብነት ይመስለኛል። ስምምነቱን ዳኛው አስቀድሞ ከሚያውቀው የአገር ውስጥ መብት ጋር አቆራኝቶ ማቅረብ፣ ለብቻው አንጠልጥሎ ከማቅረብ ይሻላል። ጊዜውም እንዲሁ፤ የቆንስላው ጥያቄ በመጀመሪያው ችሎት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ "ታልፏል" የሚለው መልስ ባልኖረ ነበር።

ሌላው ለሕግ አርቃቂዎች ነው። አሜሪካ ዓለም አቀፍ ውሳኔን በአገር ውስጥ ማስፈጸም አይሆንላትም ማለት ስህተት ነው። በ1966 ኮንግረሱ ስለ ዓለም አቀፍ የኢንቨስትመንት ግልግል ኮንቬንሽን ባወጣው ሕግ፣ በኮንቬንሽኑ መሠረት የተሰጠ የገንዘብ ውሳኔ የአንድ ግዛት ፍርድ ቤት እንደሰጠው የመጨረሻ ፍርድ ተቆጥሮ ይፈጸማል ብሎ ጽፏል። ለኒው ዮርኩ የግልግል ስምምነትም በ1970 ተመሳሳይ ሕግ ወጥቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 ውሳኔው ኮንግረሱ ሲፈልግ እንዴት እንደሚጽፍ ያውቃል ሲል ከጠቀሳቸው መካከል የግልግሉ ሕጎች ይገኙበታል። ስለዚህ የማጽደቂያ አዋጅ ሲረቀቅ ከ"ጸድቋል" ቀጥሎ ሁለት ሦስት አንቀጽ መጨመር ያስፈልጋል፦ ግዴታውን የሚፈጽመው መሥሪያ ቤት የትኛው ነው፣ ከአዲሱ ግዴታ ጋር የሚጋጨው የሥነ ሥርዓት ደንብ የትኛው ነው፣ በውጭ ፍርድ ቤት የተረታን እንደሆነ አቤቱታውን የሚቀበለው የትኛው ችሎት ነው።